በግማሽ ነጥብ ተሸነፍኩ ብዬ የፎከርኩበት ፕሮግራም

ባለፈው ወር ቅዳሜ ማታ ነው። ባለቤቴን ከወጥ ቤት ጠራኋት።

«ነይማ እይ! በግማሽ ነጥብ ነው የተሸነፍኩት!»

እጇን እየጠራረገች መጣችና ስክሪኑን አየች። «ማን ነው ያሸነፈህ?»

«ሰው የማይችለው ፕሮግራም ነው። የዓለም ሻምፒዮን እንኳ አይችለውም።»

«አሃ» ብላ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ ወደ ሽሮዋ ተመለሰች። ያቺ «አሃ» ለእኔ ሜዳሊያ ነበረች።

ደስታዬ አሥር ደቂቃም አልቆየ። ቅንብሩ ውስጥ ገባ ብዬ ሳይ፣ ከተጋጣሚ ዓይነቶች መካከል «ካታጂጎ» የሚለውን መርጬ ኖሯል። ካታጂጎ ማለት ፕሮግራሙ እንደምንም ብሎ በግማሽ ነጥብ ብቻ ለማሸነፍ የሚጫወትበት ስልት ነው። ከልጁ ጋር ሲሽቀዳደም ሆን ብሎ እንደሚያዘግም አባት፣ ቆም እያለ ሲጠብቀኝ ነበር ማለት ነው። ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ፕሮግራም ነው። ስሙ ካታጎ ይባላል፤ የሚጫወተው ጎ የሚባለውን ጨዋታ ነው። ስጠቀምበት ሦስት ወር ሆኖኛል።

ጎን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሰሌዳው 19 በ19 መስመር ነው፤ 361 መገናኛ አለው። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ ጠጠር ይይዝና ተራ በተራ አንድ አንድ ያስቀምጣሉ። ገበጣ ላይ ጠጠሩ ሲዞር ይውላል። እዚህ ግን አንዴ ያስቀመጣችሁት ጠጠር ተከቦ ካልተማረከ በቀር ንቅንቅ አይልም። መጨረሻ ላይ ብዙ ቦታ የያዘ ያሸንፋል። ጥቁር ቀድሞ ስለሚጀምር ነጭ ካሳ ይሰጠዋል፤ በቻይና ሕግ 7.5 ነጥብ ነው። ግማሿ የገባችው አቻ እንዳይኖር ነው። ቻይናዎች ዌይቺ፣ ኮሪያዎች ባዱክ ይሉታል።

እኔ የተማርኩት በ2005 ዓ.ም. አፋር ውስጥ፣ የመንገድ ሥራ ካምፕ ነው። ያኔ ቀያሽ ነበርኩ። አብሮን የሚሠራ አንድ ቻይናዊ ኢንጂነር ማታ ማታ ብቻውን ካርቶን ላይ መስመር አሥምሮ ቆርኪ ሲደረድር አየሁት። ዳማ መስሎኝ ተቀመጥኩ። ዳማ አልነበረም። ጥቁሩ የተገለበጠ ቆርኪ፣ ነጩ ያልተገለበጠ ቆርኪ ነበር። ካምፑ ውስጥ የሚጠጣው ለስላሳ ሁሉ ክዳኑ እኛ ጋ ይመጣ ጀመር። ሁለት ፌስታል ሞላን።

ኢንጂነሩ አማርኛው ከ20 ቃል አይበልጥም። ጥሩ ቦታ ስጫወት «ችግር የለም» ይለኛል። መጥፎ ስጫወት «ችግር አለ!»። አንድ ቦታ ላይ ግን ቃልም አልበቃውም፤ እጄን በእስክሪብቶ ይመታኝ ነበር። ጥጉ አካባቢ፣ ከጠርዝ ሲቆጠር ሦስተኛው መስመር ከሦስተኛው መስመር የሚገናኝባት ነጥብ አለች፤ ሦስት-ሦስት ትባላለች። ጨዋታው ገና ሳይሞቅ ተቃዋሚህ በያዘው ጥግ እዚያች ውስጥ ዘለህ ከገባህ፣ በኢንጂነሩ ዘንድ ትልቅ ኃጢአት ነው። ምክንያቱን በእጁ አሳየኝ። አንተ ውስጥ ገብተህ ትንሽ ጓዳ ታገኛለህ፤ እሱ ውጪውን በሙሉ በግንብ ያጥራል። ጓዳህ አሥር ነጥብ ናት። የእሱ ግንብ ግን መላውን ሰሌዳ ያዛል። ይህቺን ነገር አስታውሷት፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ዕቃው።

ካታጎ ነፃ ነው፤ አምስት ሳንቲም አይከፈልበትም። የሠራው ዴቪድ ዉ የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር ነው፤ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ጎግል ከገዛው ዲፕማይንድ ከሚባል ድርጅት የወጣው የአልፋጎ ዜሮ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ፣ በጣም ባነሰ የኮምፒውተር ጉልበት እንዲሠለጥን አድርጎ ሠራው። ኮዱ ክፍት ነው። ኋላ ላይ ሥልጠናውን የሚያግዙት በየቤታቸው ኮምፒውተራቸውን ያዋሱ በጎ ፈቃደኞች ሆኑ።

ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ካታጎ ሞተር እንጂ መኪና አይደለም። አውርዳችሁ ሁለቴ ስትነኩት ጥቁር መስኮት ብቅ ይልና ዝም ይላል። ሰሌዳ የለ፣ ጠጠር የለ። ተበላሽቷል ብዬ ሁለት ቀን ተውኩት። የሚያስፈልገው ሌላ የሚያለብሰው ፕሮግራም ነው። እኔ ካትሬይን የሚባለውን ነው የመረጥኩት፤ እሱም ነፃ ነው። ካታጎን በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ በአንድ ማውረድ ሁሉም ነገር ያልቃል። መጀመሪያውኑ እሱን ይዤ ብጀምር ሁለት ቀን አይባክንብኝም ነበር። በአማርኛ የለም። ያው ለምደነዋል።

ሌላው ችግር ጉልበት ነው። ፕሮግራሙ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ይወዳል። እኔ ላፕቶፔን ስገዛ ካርድ አለው ተብዬ ነበር። የለውም። የሸጠልኝን ልጅ ሄጄ ስጠይቀው «ጋሼ፣ ስክሪኑ ያበራል አይደል?» አለኝ። ምን ልበለው? ያለ ካርድም ይሠራል፤ ቀስ ይላል እንጂ። መጀመሪያ ስትከፍቱት ራሱን ከማሽናችሁ ጋር ለማስተካከል ደቂቃዎች ይወስዳል። የእኔ ባትሪ የሞተ ነው። ማስተካከሉ ሊያልቅ ሲል መብራት ሄደ። እንደገና ተጀመረ። እንደገና ሄደ። ሦስተኛው ቀን ላይ ተሳካ።

ከዚያ በኋላ ግን ወንበሬን አልለቀቅኩም። መጀመሪያ ያደረግኩት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ሴኡል ላይ አልፋጎ (የዚያው የዲፕማይንድ የጎ ፕሮግራም፣ የአልፋጎ ዜሮ ታላቅ) እና ሊ ሴዶል የተጫወቷቸውን አምስት ጨዋታዎች ማስገባት ነው። ሊ ሴዶል 18 ዓለም አቀፍ ዋንጫ የበላ ኮሪያዊ ነው። ከውድድሩ በፊት በቀላሉ አሸንፋለሁ ብሎ ነበር። 4 ለ 1 ተሸነፈ። ያኔ ውጤቱን በዜና ሰምቼ ነበር፤ ጨዋታው ውስጥ የነበረው ሐሳብ ግን አልገባኝም ነበር። አሁን ጠንካራ አስረጂ ቤቴ አለ ብዬ ቁጭ አልኩ።

ሁለተኛው ጨዋታ ላይ 37ኛው ጠጠር አለ። ሊ ሴዶል ሲጋራ ሊያጨስ ወጥቶ ሳለ ነው አልፋጎ ያስቀመጠው። ነጭ በአራተኛው መስመር ላይ አንድ ጠጠር አለው። ጥቁሩ አልፋጎ ደግሞ በአምስተኛው መስመር ሄዶ ትከሻው ላይ ዐረፈ። ተንታኞቹ ስህተት መሰላቸው። ሊ ሴዶል ተመልሶ ሲያየው ከአሥር ደቂቃ በላይ አሰበበት። የአልፋጎ የራሱ ስሌት፣ ሰው እዚያ የመጫወት ዕድሉ ከአሥር ሺህ አንድ ነው ይል ነበር።

ለምን ደነገጡ? የድሮው ትምህርት እንዲህ ይላል፦ ሦስተኛው መስመር የእህል መስመር ነው፤ ቦታ ይሰጥሃል። አራተኛው የጉልበት መስመር ነው፤ ወደ መሀል ያሳይሃል። ተቃዋሚህን ከላይ ስትጫነው እሱ ከሥር ቦታ ይይዛል። በሦስተኛው መስመር ቢይዝ ይሁን፤ በአራተኛው ከያዘ ግን ብዙ ነው፣ ከስረሃል። አልፋጎ ይህን ሒሳብ አልተቀበለም። አንተ ያንን ያዝ፣ የእኔ ጠጠር ግን ከዚህ ማዶ ካለው ጠጠሬና ከታች ካለው ጋር ተያይዞ ለሙሉ ሰሌዳው ይሠራል አለ። ጨዋታውንም አሸነፈ።

ካታጎ ጋር ስትጫወቱ ይህ ነገር ተራ መሆኑን ታያላችሁ። ትከሻ ላይ ማረፍ ልማዱ ነው። ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ ነካ ያደርጋችሁና ጉዳዩን ሳይጨርስ ሌላ ጥግ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ይህ በጣም ያናድዳል። ጠብ ጀምሮ በመሀል «ቆይ መጣሁ» ብሎ እንደሚሄድ ሰው ነው። ጃፓኖች ቴኑኪ ይሉታል፤ የተነካህበትን ትተህ ሌላ ቦታ መጫወት ማለት ነው። ቆይቶ ሲገባኝ ግን ጉዳዩን አልተወውም። እዚህ የቀረው ስድስት ነጥብ ነው፣ እዚያ ግን አሥራ አምስት አለ፤ እሱ ያደረገው ወደ ትልቁ መሄድ ብቻ ነው።

የራሴን አንድ ጨዋታ ልንገራችሁ። በኢንተርኔት ተጫውቼ ያሸነፍኩት፣ በጣም የምኮራበት ነው። በታችኛው ጠርዝ ላይ አራት ጠጠሮቼ ተከበቡ። ሩብ ሰዓት አስቤ አንድ ጠጠር አስቀመጥኩና አራቱንም አዳንኩ። ይህን ጨዋታ ካትሬይን ውስጥ አስገባሁት። ካትሬይን እያንዳንዱ ጠጠር ላይ ቀለም ያደርጋል። አረንጓዴ ጥሩ ነው፤ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ እያለ ይከፋል። የመጨረሻው ሐምራዊ ነው፤ ሐምራዊ ማለት ከ12 ነጥብ በላይ አቃጥለሃል ማለት ነው። ያቺ የምኮራባት ጠጠር ሐምራዊ ሆና አረፈች። አሥራ አራት ነጥብ።

ተከራከርኩት። እውነቴን ነው፣ ማሽኑን ጮክ ብዬ «አራት ጠጠር አድኛለሁ እኮ!» አልኩት። የእሱ ምርጫ ከላይ በቀኝ በኩል ነበር። ጠቋሚውን እዚያ ሳደርግ ቀጣዩን ጨዋታ ደርድሮ አሳየኝ። አራቱን ጠጠሮቼን ያስበላል። ተቃዋሚዬ እነሱን ለመብላት ሁለት ጠጠር ሲያወጣ፣ እኔ ከላይ ሁለት ጊዜ ተጫውቼ ጎኑን በሙሉ ወስጃለሁ። ያዳንኳቸው ጠጠሮች ደግሞ ድነው ምን ሠሩ? ምንም። ጥግ ላይ ተኮራምተው ጨዋታው አለቀ።

ቅሬታዬም እዚሁ ላይ ነው የሚጀምረው። ካታጎ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ምክንያት አይሰጣችሁም። «ለምን?» ብትሉት ሌላ የጠጠር ሰልፍ ያሳያችኋል። ያንን የሚተረጉምላችሁ የራሳችሁ ጭንቅላት ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ሐምራዊና ቀይ ነጠብጣብ እያያችሁ ሞራላችሁ ይወድቅና ትተዉታላችሁ። የካምፑ ኢንጂነር በ20 ቃል አማርኛ ከዚህ የተሻለ ያስረዳ ነበር።

ስለ ግማሽ ነጥቧ ደግሞ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ቻይና ውስጥ ዉዠን በምትባል ከተማ፣ በጊዜው የዓለም አንደኛ የነበረው ኬ ጂዬ ከአልፋጎ ጋር ሦስት ጨዋታ ተጫወተ። የመጀመሪያውን በግማሽ ነጥብ ብቻ ተሸነፈ። ዜናውን የሰማ ሁሉ «ለጥቂት!» አለ። እኔም ያን ጊዜ እንዲሁ ነበር ያልኩት። ለጥቂት አልነበረም። አልፋጎ የተሠራው የማሸነፍ ዕድሉን ከፍ እንዲያደርግ ነው፤ በስንት ነጥብ የሚለው አያገባውም። በአሥር ነጥብ እየመራ አደገኛ ቦታ ካየ፣ ሁለት ሦስት ነጥብ ሰጥቶ በሩን ይዘጋዋል። እንደገና ይሰጣል፣ እንደገና ይዘጋል። መጨረሻ ላይ የቀረችው ግማሽ ነጥብ እሱ ያስቀራት ናት። ሦስቱንም ጨዋታ ወሰደ።

ይህንን በጽሑፍ ብታነቡት ያልፋችኋል። ካታጂጎ ሲያደርግባችሁ ግን ያማል። ያን ቅዳሜ የተጫወትኩትን መልሼ በቀለሙ ሳየው፣ መሀል ላይ በ30 ነጥብ ግድም ይመራኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እያራገፈ ነው የመጣው። ባለቤቴን የጠራሁበት ጀግንነት እሱ የመለሰልኝ መልስ ነው። ኬ ጂዬ ከጨዋታው በኋላ ለምን ያን ያህል እንዳዘነ ያን ማታ ገባኝ።

ካታጎ በራሱ ሲጫወት ግን ከአልፋጎ ይለያል። ዕድሉን ብቻ ሳይሆን ነጥቡንም ይቆጥራል። ለተማሪ ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው። «ዕድልህ ከ61 ወደ 48 ወረደ» ቢሉኝ ምን ላድርገው? «ሦስት ነጥብ ጣልክ» ሲሉኝ ግን ይገባኛል፤ ሸቀጥ ገዝቼ እንደከሰርኩ ነው የሚሰማኝ።

ከሊ ሴዶልና ከአልፋጎ ጨዋታዎች አራተኛው ላይ ስደርስ ሌሊት ነበር። ላፕቶፑ ከመጋሉ የተነሳ ማራገቢያው ይጮሃል። ልጄ ከመኝታዋ ተነስታ መጣች። «አባዬ፣ ሊነሳ ነው እንዴ?» አለች፤ አውሮፕላን ማለቷ ነው። ጭኔ ላይ አስቀመጥኳትና አብረን አየን። ሊ ሴዶል ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ውድድሩን ጨርሷል፤ ለክብሩ ነው የሚጫወተው። ነጭ ነው። መሀል ላይ ጥቁር ትልቅ ግዛት ዘርግቷል። 78ኛው ላይ ሊ በሁለት ጥቁር ጠጠሮች መሀል እንደ ሽብልቅ ገባ። አልፋጎ 79ኛውን ተሳሳተ። የሚገርመው ግን ስህተቱ ላይ የማሸነፍ ዕድሌ 70 በመቶ ነው ይል ነበር። የገባው 87ኛው አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ጀማሪ የማይጫወተውን መጫወት ጀመረ።

ይህም ከዚያው ከፀባዩ የመጣ ነው። ለነጥብ የማይጨነቅ ፕሮግራም ሲመራ ይለግሳል፤ ሲሸነፍ ደግሞ ይቀባጥራል። ትንሽ ትንሽ ነጥብ እየለቀመ ለመድረስ አይሞክርም። ተቃዋሚው ካልታወረ በቀር የማይሠራ ነገር ላይ ይንጠለጠላል። በኋላ የተደረጉ ትንተናዎች ያ 78ኛው ጠጠር በትክክል ቢመለስለት እንደማይሠራ አሳይተዋል። ለእኔ ውበቱን አይቀንሰውም። ልጄ «ነጩ ሰውዬው ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ጎበዝ» ብላ ተኛች።

ካታጎ ራሱስ አይሳሳትም? ይሳሳታል፣ ያውም አሳፋሪ ስህተት። እ.ኤ.አ. በ2023 ኬሊን ፔልሪን የሚባል አሜሪካዊ አማተር በካታጎ ላይ የተሠራ ተጫዋችን ከ15 ጨዋታ 14 አሸነፈው። ዘዴውን ያገኘው ሌላ ፕሮግራም ነው። የካታጎን ጠጠሮች ክብ ሠርተው እንዲያያዙ ታደርጋለህ፤ ከዚያ ያንን ቀለበት ቀስ ብለህ ከውጪ ትከባለህ። ሕፃን የሚያየውን መከበብ እሱ አያየውም። ሰሌዳውን ሁሉ በአንድ እይታ የሚመዝነው ማሽን ራሱ እየታነቀ መሆኑን አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ሠሪዎቹ እንደዚህ ዓይነት ሁኔታዎችን ሥልጠናው ውስጥ ጨምረዋል። እኔ አራት ጊዜ ሞክሬ አራቴም ቀለበቱን ከመጨረሴ በፊት ሞትኩ። ዘዴውን ማወቅና መቻል ይለያያሉ።

ለማን ይሆናል? ጎን ትንሽ ለቻለ ሰው ዓይኔን ሳላሽ እመክራለሁ። ለጀማሪ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ተጨማሪ ፋይል አለው፤ ሰው በየደረጃው እንዴት እንደሚጫወት አስመስሎ ይጫወታል። እንደ ጀማሪ ይሳሳታል፣ እንደ መካከለኛ ይስገበገባል። በሙሉ ጉልበቱ ካለው ጋር ከመጋጨት ከዚህኛው ጋር ብትጀምሩ ይሻላል። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለማስጀመር ባየሁት መከራና አፍ ስለሌለው ነው።

ስለ ሦስት-ሦስት እመለሳለሁ ብዬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻና በ2017 መጀመሪያ «ማስተር» የሚል ስም ያለው ያልታወቀ ተጫዋች በኢንተርኔት ብቅ አለና ከዓለም ምርጦች ጋር 60 ጨዋታ ተጫውቶ 60ውንም አሸነፈ። አልፋጎ ነበር። ከጉዶቹ አንዱ ጨዋታው ገና ሳይሞቅ ሦስት-ሦስት መግባቱ ነው። ሰዎች ድሮ ሲገቡ፣ መጨረሻ ላይ በሁለተኛው መስመር ገፋ አድርገው ያስሩ ነበር። ያቺ ማሰር ጓዳዋን ታጸናለች፤ የተቃዋሚን ግንብ ግን ታጠነክራለች። አልፋጎ እሷን ተዋት። ጥጉን ወስዶ፣ ግንቡን እንደተሰነጠቀ ትቶት፣ ተራውን ይዞ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። ያ ሁሉን ያዛል የተባለው ግንብ ራሱ ጠባቂ የሚፈልግ ሆነ። ዛሬ ሙያተኞቹም እንዲሁ ይጫወታሉ። ካታጎም ጥግ ባየ ቁጥር እዚያች ነጥብ ላይ ሰማያዊ ምልክቱን ያደርጋል፤ የእሱ የመጀመሪያ ምርጫ ማለት ነው።

ኢንጂነሩ አሁን አገሩ ነው። እሑድ እሑድ በኢንተርኔት እንጫወታለን። ከሁለት ሳምንት በፊት በስምንተኛው ጠጠር ላይ ሦስት-ሦስት ገባሁበት። ሁለተኛው መስመር ላይ ሳላስር ትቼው ወደ ማዶ ሄድኩ። ለረጅም ጊዜ አልመለሰም። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ መልእክት መጣ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ፦ «ችግር የለም»።

በ22 ነጥብ አሸነፈኝ።